ነጩን ቫን ስንፈልግ

ለዛሬ የያዝነው ርእስ ከገበታ ጋር የሚስማማ አይደለም። ይህን ጋዜጣ አብዛኞቻችሁ ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ የምታገላብጡት መሆኑን ስለምናውቅ፣ ደም የሚታይበትን ክፍል እስከተቻለ ድረስ አሳጥረነዋል። ይሁንና ስለ ተከታታይ ገዳዮችና ስለ ጅምላ ግድያ በፊልም የምናየው ሌላ፣ የወንጀል ጥናት ሊቃውንት የሚያውቁት ሌላ ሆኖ አገኘነው። ልዩነቱም ለእኛ ለስደተኞች ቤት ጭምር የሚተርፍ ቁም ነገር ስላለበት፣ አንድ ጊዜ በሰፊው ልንነጋገርበት ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ተከታታይ ገዳይ የሚባለው ሰዎችን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በተለያየ ጊዜ፣ እያረፈ የሚገድል ሰው ነው። በ1998 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሦስት ሟች ካልተቈጠረ ስሙን አይሰጥም ነበር። ኤፍ ቢ አይ በ2005 ሳን አንቶኒዮ ላይ ሊቃውንትን ሰብስቦ ካወያየ በኋላ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ግን ቁጥሩ ወደ ሁለት ዝቅ አለ። የጅምላ ግድያ ደግሞ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አራትና ከዚያ በላይ ሰው የሚያልቅበት ነው። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። ተከታታዩ ገዳይ ገድሎ ይሰወራል፤ በማግሥቱ ሥራ ይገባል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ላለመያዝም ይጠነቀቃል። የጅምላው ገዳይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቦታ በሕይወት እወጣለሁ ብሎ አይገባም። በሁለቱ መካከል፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈጅ ሦስተኛ ዓይነት አለ ይባል ነበር። ሊቃውንቱ ለምርመራ ሥራ አይጠቅምም ብለው ትተውታል፤ ዛሬ የምናነሣው ታሪክ ግን ወደዚህኛው ሳያደላ አይቀርም።

ታሪኩ በዋሽንግተንና በአካባቢው በ2002 ኦክቶበር ወር የተፈጸመው ነው። ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ አትረሱትም፤ በኋላ ለመጣችሁት ግን ባጭሩ እናውሳው።

ረቡዕ ኦክቶበር 2 ቀን ወደ ማታ፣ ሜሪላንድ ዊተን አጠገብ በአንድ ግሮሰሪ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የነበረ ሰው ከየት እንደመጣች ባልታወቀች ጥይት ተመትቶ ወደቀ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው በሞንትጎመሪ ካውንቲ አራት ሰዎች ተገደሉ። አንዱ ሣር ሲያጭድ፣ አንዱ ታክሲውን ነዳጅ ሲሞላ፣ አንዷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንዷ ደግሞ በነዳጅ ማደያ መኪናዋን ስታጸዳ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ዲሲ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ የ72 ዓመት አዛውንት ተገደሉ። ከዚያ ወዲያ ጥይቱ ወደ ቨርጂኒያ ወረደ፤ ፍሬድሪክስበርግ፣ ማናሳስ፣ ሰቨን ኮርነርስ፣ አሽላንድ። ቦዊ ላይ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቈስሎ በሐኪሞች ብርታት ተረፈ። ኦክቶበር 22 ቀን አስፐን ሂል ላይ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር እስከተገደለበት ድረስ በሦስት ሳምንት 10 ሰው ሞተ፣ 3 ሰው ቈሰለ።

የሟቾቹን ዘርና ዕድሜ፣ ሥራና ሰፈር አንድ የሚያደርገው ምንም ነገር አልነበረም። ፍርሃቱን ፍርሃት ያደረገውም ይኸው ነው። ሰው ነዳጅ ሲሞላ መኪናው ጥግ ቁጢጥ ይል ነበር፤ ከመኪናው እስከ ሱቁ በር ቀጥ ብሎ መሄድ ቀርቶ እየተጠማዘዘ ይሮጥ ነበር። አንዳንድ ማደያዎች ሸራ ጋረዱ። ልጆች ለእረፍት ከክፍል መውጣት ተከለከሉ። የእኛ ሰው ደግሞ ብዙው ታክሲ ነጂ፣ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ነበርና ቤት ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። በሁለተኛው ቀን ከተገደሉት አንዱ፣ ከህንድ የመጣ ታክሲ ነጂ እንደነበር ያስታውሷል።

እንግዲህ ገዳዩ ማን ነው? በየቴሌቪዥኑ የቀረቡ ዐዋቂዎች መልሱን ለመስጠት አልዘገዩም። አብዛኞቹ፣ ነጭ ወንድ ነው፣ ብቸኛ ነው፣ የአካባቢው ተወላጅ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በሁለተኛው ቀን አንድ ምስክር ነጭ የጭነት መኪና አየሁ ስላለ፣ ነጭ ቫንና ነጭ ትራክ የሚነዳ ሁሉ በየአውራ ጎዳናው እየቆመ ይፈተሽ ጀመር። በዚያ ወቅት ነጭ ቫን የሚነዳ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም የእንጀራ አመላላሽ የደረሰበትን አበሳ ራሱ ይንገራችሁ። ነጭ ቫን በዚህ አገር የማይቆምበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ የፈለገ ሁሉ አገኘው።

ይህ የገዳይ ሥዕል ከየት መጣ? ኤፍ ቢ አይ በ1972 የሰውን ጠባይ የሚያጠና ክፍል ከፈተ። የክፍሉ ሰዎች በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በየእስር ቤቱ እየዞሩ 36 ነፍሰ ገዳዮችን አነጋገሩ። ከዚያም ገዳዮችን ሥርዓት ያለውና ሥርዓት የሌለው ብለው በሁለት ከፈሏቸው፤ የመጀመሪያው ዐቅዶና ተጠንቅቆ የሚገድል፣ ሁለተኛው በድንገት ገድሎ ሁሉን ዝርክርክ አድርጎ የሚሄድ። ሥራው ጀማሪ ስለነበር ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን 36 ሰው ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ የተያዙትንና ለማውራት ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ ነው የሚነግረን። ዴቪድ ካንተር የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 ባሳተሙት ጥናት 100 ግድያዎችን መርምረው፣ ክፍፍሉን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። እውነተኛው ገዳይ ከሁለቱም እየተቀላቀለ ነው። ኤፍ ቢ አይም ራሱ በ2008ቱ ጽሑፉ፣ ተከታታይ ገዳይ ሁሉ ነጭ ነው፣ ሁሉ ብቸኛ ነው፣ ሁሉ እብድ ወይም እጅግ ብልህ ነው የሚለው ተረት መሆኑን ጽፏል።

ተረት ለመሆኑ ምስክር አይጠፋም። ሲያትል አጠገብ ከ1982 ጀምሮ ሴቶችን ሲገድል የኖረው ጌሪ ሪጅዌይ በአንድ የጭነት መኪና ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ቀለም የቀባ፣ ባለትዳር ሰው ነበር። ፖሊስ ጠርጥሮት ነበር፤ በ1984 የውሸት መመርመሪያ መሣሪያውን በሰላም አለፈ። በ1987 ከአፉ የተወሰደች ምራቅ ግን በፖሊስ መዝገብ ቤት ተቀምጣ ቆይታ፣ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ሲራቀቅ በ2001 አጋለጠችው። በ49 ግድያዎች ተፈርዶበታል። ካንሳስ ውስጥ 10 ሰው የገደለው ዴኒስ ሬደር የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ሰብሳቢ ነበር፤ በ2005 የተያዘውም ለጣቢያ በላካት የኮምፒውተር ዲስክ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ተደብቆ ተገኝቶ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የእንግሊዙ ሐኪም የሃሮልድ ሺፕማን ታሪክ ነው። ማንቸስተር አጠገብ ሃይድ በምትባል ከተማ የሚኖሩ አሮጊቶች ሐኪማችን ብለው የሚኰሩበት፣ ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚያክማቸው ዶክተር ነበር። የመንግሥት አጣሪ ጉባኤ በ2002 እንዳረጋገጠው 215 ሕመምተኞቹን ገድሏል። ይህን ቀድሞ ከጠረጠሩት አንዱ ማን መሰላችሁ? አሮጊቶቹን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስ አንድ ታክሲ ነጂ ነው። ደንበኞቹ በደህና እንደነበሩ አንድ በአንድ ሲሞቱበት፣ ሐኪማቸውም ሁሌ ያው አንድ ሰው ሲሆንበት፣ ስማቸውን እየመዘገበ ያዘ። ሐኪም ከስሶ ማን ያምነኛል ብሎ ለዓመታት ተጨንቆ፣ በመጨረሻ በ1998 ዝርዝሩን ለፖሊስ ሰጠ። ከታክሲ ነጂዎቻችን መካከል ይህን የሚያነብ ካለ፣ ሙያው ምን ያህል ሰው የማወቅ ሙያ እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ወደ ዋሽንግተኑ ነገር እንመለስ። ገዳዩን ያስያዘው የቴሌቪዥን ትንታኔ አልነበረም። አንደኛ፣ ራሱ ተናገረ። በስልክ ደውሎ፣ እኔ የምለውን የማታምኑ ከሆነ በሞንትጎመሪ የሆነውን ጠይቁ የሚል ፍንጭ ሰጠ። ሜሪላንድ ያለችው ሞንትጎመሪ ካውንቲ አይደለችም፤ አላባማ ያለችው ሞንትጎመሪ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሴፕቴምበር 21 ቀን በአንድ የመጠጥ መሸጫ ደጅ አንዲት ሴት ተገድላ፣ ሌላዋ ቈስላ ነበር። በስፍራው የተገኘ የጦር መሣሪያ ካታሎግ ላይ የጣት አሻራ ነበር። አሻራው ወደ ፌዴራሉ መዝገብ ሲላክ፣ በ2001 ዲሴምበር ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በኢሚግሬሽን ተይዞ የነበረ የአንድ ጃማይካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ስሙ ሊ ቦይድ ማልቮ፣ ዕድሜው 17። በዚያው ሰሞን ታኮማ የሚኖር አንድ የቀድሞ ወታደር ለኤፍ ቢ አይ ደውሎ፣ የድሮ የጦር ጓደኛዬን እጠረጥራለሁ፣ ልጄ የሚለውን አንድ ወጣት ይዞ በጠመንጃ ሲለማመድ ነበር አለ። የጓደኛው ስም ጆን አለን ሙሐመድ ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናነሣው አንድ ነገር አለ። የአላባማዋ ሴት በተገደለችበት ቀን፣ ገና እኩለ ሌሊቱ እንዳለፈ፣ አትላንታ ውስጥ በሌላ ሊከር ስቶር ደጅ አንድ የ41 ዓመት ኢትዮጵያዊ በጥይት ተገድሎ ነበር። ፖሊስ የጥይቱን ምርመራ አይቶ የእነዚሁ ሰዎች ሥራ ነው ብሎ አገናኝቶታል። ስለ ዋሽንግተኑ ጉዳይ ሲወራ 10 ሟች ይባላል፤ ያ ቁጥር የሦስቱ ሳምንት ብቻ ነው። የሀገራችን ሰው ከዚያ ቁጥር ውጭ ቀርቷል፤ በዚህ አምድ ግን ሳይነሣ አይታለፍም።

መኪናውም ነጭ ቫን አልነበረም። የ1990 ሥሪት፣ ጥቁር ሰማያዊ ሸቭሮሌ ካፕሪስ፣ ያውም ቀድሞ የፖሊስ መኪና የነበረ ነው። የኋላ መቀመጫው እየተነሣ ወደ ዕቃ መጫኛው ያሳልፋል፤ ከታርጋው በላይ ቀዳዳ ተበጅቶለት አንዱ ውስጥ ተኝቶ ሲተኩስ ሌላው ይነዳል። ኦክቶበር 8 ቀን ባልቲሞር ውስጥ አንድ ፖሊስ ሙሐመድን በዚያው መኪና ውስጥ ተኝቶ አግኝቶ ቀስቅሶት ነበር። መንጃ ፈቃዱን አይቶ አሰናበተው። ምን ያድርግ? የሚፈልገው ነጭ ቫን የሚነዳ ነጭ ሰው ነበር፤ ያገኘው አሮጌ ሰማያዊ መኪና ውስጥ የተኛ ጥቁር ሰው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ሰው ሞቷል። የታርጋው ቁጥር በኦክቶበር 23 ማታ በሬዲዮ በተነገረ በሰዓታት ውስጥ፣ ማየርስቪል አጠገብ በአንድ የአውራ ጎዳና ማረፊያ ቆሞ መንገደኛ አየውና ሁለቱም በእንቅልፋቸው ላይ ተያዙ።

እስካሁን ያልነው ስለ አያያዙ ነው። ለዚህ አምድ ዋናው ነገር ግን ሙሐመድ የተያዘበት የመጀመሪያው ወረቀት ነው። በነፍስ ግድያ አልነበረም። ማስረጃው ገና አልተሰበሰበምና፣ ከመኪናው የወጣበት የፌዴራል ክስ፣ ሚስቱ ያወጣችበት የጥበቃ ትእዛዝ እያለ መሣሪያ ይዟል የሚል ነበር።

ሚልድሬድ ሙሐመድ ታኮማ ውስጥ በ2000 ይህን ትእዛዝ ስታወጣ ባሏ ዝቶባት ነበር። ጠላቴ ሆነሻልና እገድልሻለሁ እንዳላት በአደባባይ ተናግራለች። ሰውየው በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የዘመተ፣ በጠመንጃ ዒላማ ከፍተኛውን ማዕረግ ያገኘ ወታደር ስለነበር ቃሉ ባዶ ፉከራ እንዳልሆነ ታውቃለች። እሱ ግን ሦስቱን ልጆቻቸውን፣ ሱቅ ልወስዳቸው ነው ብሎ ወስዶ ወደ አንቲጓ ደሴት ተሻገረ። እናታቸው ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የት እንዳሉ አታውቅም ነበር። ማልቮን ያገኘውም እዚያው አንቲጓ ነው፤ እናቱ ትታው የሄደች፣ አባት የናፈቀው ልጅ። ልጆቹ በ2001 ተገኝተው ፍርድ ቤት ለእናታቸው ሲመልሳቸው፣ እሷ አድራሻዋን ደብቃ ሜሪላንድ ክሊንተን እኅቷ ዘንድ ገባች። እሱም ተከትሏት መጣ።

በመንገዱ ላይ የፈጸመው ሁሉ በኋላ ሲገጣጠም ሥዕሉ ይከብዳል። በ2002 ፌብሩዋሪ ታኮማ ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት እናት በር ሲንኳኳ ብትከፍት ተተኩሶባት ሞተች። አክስቷ በልጆቹ ክርክር ጊዜ ከሚልድሬድ ጎን የቆመች ሴት ነበረች። ተኳሹ ማልቮ እንደነበር ራሱ አምኗል። በሴፕቴምበር 5 ቀን ሚልድሬድ ወደተደበቀችበት ወደ ክሊንተን ደርሰው፣ አንድ የፒዛ ቤት ባለቤት አቍስለው ገንዘቡንና ኮምፒውተሩን ወሰዱ። ኮምፒውተሩ ካፕሪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ሚልድሬድ እስከ ዛሬ እንደምታምነው፣ ሌሎቹ ሁሉ የተገደሉት እሷ ስትገደል ከብዙዎቹ አንዷ እንድትመስል ነው፤ ለልጆቹም ያዘነ አባት ሆኖ ይቀርብ ነበር። ገዳዮቹ 10 ሚሊዮን ዶላር የጠየቁበት ደብዳቤም አለ፤ ማልቮም በኋላ ሌላ ሰፊ ዕቅድ እንደነበረ መስክሯል። ስለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ብለን አንከራከርም። ነገር ግን ሁሉም ክር ተመዝዞ የሚያደርሰው ወደዚያች የታኮማ መዝገብ ነው። ነጭ ቫን ስንፈልግ በነበረበት ጊዜ፣ የሰውየው ስምና ዛቻ በአንድ ፍርድ ቤት ፋይል ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ሚልድሬድ ደጋግማ የምትናገረው አንድ ነገር አለ። ይመታት ስላልነበረ፣ የሚታይ ጠባሳ ስላልነበራት፣ የሚያምናት ሰው ማግኘት ከብዷት ነበር።

ጠመንጃውስ? ታኮማ ከሚገኝ አንድ የመሣሪያ መሸጫ የጠፋ ነው። ባለሱቁ መቼና እንዴት እንደወጣ ማስረዳት አልቻለም። በ2004 ሱቁና ፋብሪካው ለሟች ቤተ ሰቦችና ለተጎጂዎች 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ሙሐመድ በ2009 ኖቬምበር 10 ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ የሞት ፍርዱ ተፈጸመበት። ማልቮ የዕድሜ ልክ እስረኛ ነው፤ ቨርጂኒያ በልጅነታቸው ለተፈረደባቸው ይቅርታ እንዲጠይቁ በ2020 ሕግ ብታወጣም በ2022 ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም።

ይህ አንድ ታሪክ ነው፤ ባንድ ታሪክ ሕግ አይወጣም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሚስቱን የሚያስፈራራ ሁሉ የጅምላ ገዳይ አይሆንም፤ አብዛኛው አይሆንም። ወደ ኋላ ሲታይ ግን ነገሩ ይደጋገማል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ከ2014 እስከ 2019 አራትና ከዚያ በላይ ሰው በጥይት የተገደለባቸውን አደጋዎች መርምሮ፣ ከመቶ 68 በሚሆኑት ውስጥ ተኳሹ ወይ የትዳር ጓደኛውን ወይም የቤተ ሰቡን አባል ገድሏል፣ አለዚያም ቀድሞ በቤት ውስጥ ጥቃት የሚታወቅ ሰው ነበር ብሏል። ቴክሳስ ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ውስጥ በ2017 በቤተ ክርስቲያን ውስጥ 26 ነፍስ ያጠፋው ሰው፣ አየር ኃይል ሳለ በ2012 ሚስቱንና ሕፃን ልጇን በመደብደቡ ተፈርዶበት ነበር። አየር ኃይሉ ፍርዱን ለኤፍ ቢ አይ ሳያስተላልፍ ቀረና መሣሪያ ሲገዛ የሚከለክለው አልተገኘም። የተኰሰበት ቤተ ክርስቲያን የሁለተኛ ሚስቱ እናት የምትሄድበት ነበር።

በሌላ በኩል ብዙዎቻችን የምንቸኩልበት አንድ መልስ አለ፤ እብድ ነው፣ ጋኔን ይዞት ነው። ኤፍ ቢ አይ ከ2000 እስከ 2013 በሕዝብ ላይ የተኰሱ 63 ሰዎችን ታሪክ አጥንቶ በ2018 እንዳወጣው፣ ከጥቃቱ በፊት በሐኪም የታወቀ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ደግሞ ለቀናትና ለሳምንታት ያቀዱ እንጂ በድንገት የገነፈሉ አልነበሩም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም አሳባቸውን ለሌላ ሰው አስቀድመው ተናግረዋል ወይም ጽፈዋል። በየቤታችን የታመመ ወንድም ወይም እኅት ያለን ሰዎች አለን፤ ሕመማቸው ሳይበቃ የገዳይ ስም ልንለጥፍባቸው አይገባም። የሚያስፈራው ሕመሙ ሳይሆን ዛቻው ነው።

ነገሩ ወደ እኛ ቤት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የትዳር ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይገባል፤ መልካም ባህል ነው፤ ብዙ ትዳር አድኗል። ገመናን አደባባይ ማውጣት ደግሞ ነውር ነው። ዳሩ ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለት ሰዎች በተጣሉበት ጊዜ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን እገድላለሁ ባለበት ጊዜ አይደለም። ‘‘ተናዶ ነው፣ አፉ ነው እንጂ እጁ አያደርገውም፣ ለልጆቹ ስትይ ተመለሽ’’ ብለው የላኳት ሴት ምን እንደደረሰባት የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየከተማው አሉ። አዛውንቶቻችንን በማክበር እንናገራለን፤ እገድልሻለሁ የሚል ቃል ከሰሙ፣ ማስታረቁን ትተው ሴቲቱን ወደ ፍርድ ቤት ይሸኟት።

ዣክሊን ካምቤል የተባሉ የነርስነት ሙያ ፕሮፌሰር በ1985 ጀምረው ያዘጋጁት የአደጋ መለኪያ መጠይቅ አለ። በእሳቸው ጥናት ከባድ ሆነው ከተገኙት ምልክቶች መካከል በቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ ይገኛል፤ የሚያጠቃ ሰው መሣሪያ ካገኘ ሴቲቱ የመገደሏ ዕድል በአምስት እጥፍ እንደሚጨምር በ2003 ጽፈዋል። አንገቷን አንቆ ያውቃል ወይ? ይህ ጥያቄ ከጥፊና ከቡጢ ተለይቶ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ያነቀ ሰው በኋላ የመግደሉ ነገር ከሌላው ይበልጣልና። የት እንደዋለች፣ ከማን ጋር እንዳወራች ይቈጣጠራል ወይ? ራሴን አጠፋለሁ ይላል ወይ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ትታው ወጥታለች ወይ? ብዙ ሰው ከወጣች ተገላገለች ብሎ ያስባል። አደገኛው ጊዜ ግን የምትወጣበትና ከወጣች በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። ሚልድሬድን ያሳደዳት ትታው በሄደች ጊዜ ነው።

የጥበቃ ትእዛዝ ወረቀት ነው፤ ጥይት አያቆምም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ታኮማ የወጣው ወረቀት ሙሐመድን አላቆመውም። ነገር ግን ከ1994 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ፣ ሁለቱ ወገኖች ተሰምተው እንዲህ ያለ ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ጁን ሕጉን 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ አጽንቶታል። ወረቀቱ ጥርስ የሚኖረው መሣሪያው ከእጁ መወሰዱን የሚከታተል ሲኖር ነው፤ ስለዚህ አቤቱታ ስትጽፉ መሣሪያ እንዳለውና የት እንደሚያስቀምጠው አትርሱ። ዛቻው በስልክ መልእክት የመጣ ከሆነ አታጥፉት፤ ቀኑንም መዝግቡ።

በሜሪላንድ አቤቱታ ማቅረብ በነጻ ነው። ፍርድ ቤት ተዘግቶ ባለበት ሌሊትም ሆነ ቅዳሜና እሑድ የዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር ዘንድ ሄዶ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ ያቀርባል፤ ልጃችሁን ወይም የባላችሁን ዘመድ ለማስተርጐም ይዛችሁ አትሂዱ። ወረቀቴ በእሱ ነው የመጣው፣ ብከሰው እባረራለሁ ብላችሁ የምትፈሩ እኅቶች፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባል የሚያጠቃት ሴት ራሷ ለራሷ እንድታመለክት የሚፈቅድ ሕግ ከ1994 ጀምሮ አለ፤ ከማመልከታችሁ በፊት ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ወንዶችም በዚሁ ሕግ ማመልከት ይችላሉ። ለአገሩ ሁሉ የሚሠራው የቤት ውስጥ ጥቃት መርጃ ስልክ 1-800-799-7233 ነው፤ ሌት ተቀን ይነሣል፤ ስልኩን ላነሣችው ሴት አማርኛ ብላችሁ ንገሯትና መስመሩን ሳትዘጉ ጠብቁ፣ አስተርጓሚ ታገናኛችኋለች።